የመሪው ጭንቅላትና የኮቱ እጅጌ

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪኖቹ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ሁሉም ሲረግጡ መንገደኛ የገዛ ድምፁ አይሰማውም። ሱሪ ለማሳጠር ከድሬዳዋ ሐረር ድረስ መውጣት ለማያውቀው ሰው ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን አባቴ ሱሪውን ያሳጥር የነበረው እዚያ ስለሆነ ልማዱን አልተውሁም። ደግሞም ለግማሽ ቀን ከድሬ ሙቀት ማምለጥ በራሱ የመኪና ሒሳቡን ይመልሳል።

ልብስ ሰፊዬ ሰባ ዓመት የተሻገሩ ሐጂ ናቸው። ከመኪናቸው በላይ፣ የጨርቅ ጥቅል ከሞላው መደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን አለቻቸው። ድምፅዋ አይሰማም፤ ምስሏ ብቻ ይታያል። የዚያን ዕለት የአንድ ትልቅ ጉባኤ እንግዶች ይታዩ ነበር። ጥቁር መኪና ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ አንድ የአገር መሪ ይወርዳል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ እጅ ይጨብጣል። ከዚያ ሌላ ጥቁር መኪና ይመጣል። ሐጂ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ፣ በመነጽራቸው አናት አሻግረው እያዩ፣ ለእያንዳንዱ ፍርድ ይሰጣሉ።

«ይህ ሰውዬ ጭንቅላት የለውም።»

«ሐጂ፣ በምን አወቁ?» አልኋቸው። እኛ ድሬዎች አንቱታ አናበዛም፤ ሐረር ስገባ ግን ምላሴ ራሱን ያርማል።

«እጅጌውን አታየውም? አውራ ጣቱን ሸፍኖታል። የራሱን ልክ የማያውቅ የሕዝብ ልክ ከየት ያውቃል?»

ቀጥሎ የወረደውን ወደዱት። ኮቱ ትከሻው ላይ ያለ አንዲት ሽብሽብ ተቀምጧል። «ይህኛው አዋቂ ነው» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ሁለቱ የየት አገር መሪዎች እንደሆኑ አላወቁም፤ አልጠየቁምም።

ሳቅሁ። የደንገጎን ቁልቁለት እየወረድን ግን የራሴን ፍርዶች መቁጠር ጀመርሁ። አንዱን መሪ «አንባቢ ነው» የምለው መነጽር ስለሚያደርግ ነው። ሌላውን «ቀላል ሰው ነው» የምለው ቶሎ ስለሚስቅ ነው። አንዱ ደግሞ ሲናገር ቃላቱን እየጎተተ ስለሚያወጣቸው ጥልቅ አሳቢ ይመስለኛል፤ ምናልባት እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል። ከሐጂ የምለየው ሜትር አንገቴ ላይ ባለማንጠልጠሌ ብቻ ነው። ስለ መሪዎች መልክ፣ ትውልድና አእምሮ በጨዋታ የምንጥላቸው እነዚህ አስተያየቶች የራሳቸው አሠራር አላቸው፤ ሰዎች መቶ ዓመት ሙሉ አጥንተውታል።

ከቅርቡ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአሜሪካ ምክር ቤት ተፎካካሪዎችን ፎቶግራፍ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለሰዎች አሳየ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከሁለቱ ብቁ የሚመስለው የትኛው ነው? ተጠያቂው ከሁለቱ አንዱን ካወቀው መልሱ አይቆጠርም። በሴኔት ውድድሮች ውስጥ «ብቁ ይመስላል» የተባለው ሰው ከ100 ውድድር 70 ያህሉን ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ፎቶው ለአንድ ሰከንድ ብቻ በታየበት ሙከራም ግምቱ በሳንቲም ውርወራ ከሚገኘው የተሻለ ነበር። የወራት ቅስቀሳ፣ የበጀት ክርክር፣ የፓርቲ ፕሮግራም፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፤ በዚህ በኩል ደግሞ አንድ ሰከንድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ጥናቱ «ፊት ብቃትን ይናገራል» አላለም። ያሳየው መራጩም ሆነ ስለ ምርጫው ምንም የማያውቀው ተጠያቂ አንድ ዓይነት ፊት እንደሚወዱ ነው። አሸናፊው በእርግጥ ብቁ ይሁን አይሁን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፎቶ አይመልሰውም።

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ጆን አንቶናኪስና ኦላፍ ዳልጋስ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ልጆች ወሰዱት። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 13 ለሆኑ የስዊዘርላንድ ልጆች የፈረንሳይ ምክር ቤት ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ጥንድ ጥንድ አድርገው እያሳዩ «ጀልባችሁን የሚነዳ ካፒቴን ብትመርጡ የትኛውን ትመርጣላችሁ?» አሏቸው። ልጆቹም ከአስር ሰባት ያህሉን አገኙት፤ እንደ አዋቂዎቹ ማለት ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም። የእህቴን ሦስት ልጆች ሰብስቤ ከስልኬ ላይ የሁለት የውጭ አገር ተፎካካሪዎችን ፎቶ አሳየኋቸው። ጀልባ ድሬዳዋ ላይ አይሠራም፤ ወንዛችን ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ስለዚህ «ከቀፊራ እስከ ሳቢያን በባጃጅ የሚያደርሳችሁ ማን ይሁን?» አልኋቸው። ሦስቱም አንዱን ሰው መረጡ። ታላቅዮዋ «ይህኛው መንገድ ላይ ሒሳብ አይጨምርብንም» አለች። የስድስት ዓመቱ ትንሹ ግን «መሪውን በሁለት እጁ ይይዛል» አለኝ። ፎቶው ከደረት በላይ ብቻ ነው፤ እጅ የሚባል አይታይበትም። የመረጡት ሰው ምርጫውን ተሸንፏል፤ ቢሆንም በሦስት ልጅ ጥናት አይሠራምና ስዊዘርላንዶቹን አልተቃወምሁም።

አንድ መልካም ነገር ያየንበትን ሰው ሌላውም ሁሉ መልካም ነው ብለን የምንሞላበት ነገር የቆየ ስም አለው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ የጦር አለቆች የበታች መኮንኖቻቸውን በቁመና፣ በማሰብ ችሎታ፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ ምን እንዳደረጉ አሳየ። ቁመናው ያማረው መኮንን በማሰብም ከፍ ያለ ነጥብ አገኘ፣ በጠባይም እንዲሁ። ቶርንዳይክ ይህን በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ በሚሳለው የብርሃን ክበብ መሰለው፤ ብርሃኑ ካለ ከሥሩ ያለው ሁሉ ያበራል። የጦር አካዳሚ በነበረባት በሐረር አቅራቢያ ያደገ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ መኮንን ሲያልፍ እናቶቻችን «እንዴት ያለ አስተዋይ ልጅ ነው!» ይሉ ነበር። አስተዋይነቱን ያዩት በጫማው ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ የዚህ ብርሃን ታላቅ ምሳሌ ነው። ረዥም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጠጉሩ ሽበት የጣለበት፣ ድምፁ ጎርናና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ሲመረጥ ብዙዎች ስለ እሱ የሚሉት «ፕሬዚዳንት ይመስላል» ነበር፤ መምሰሉንስ በደንብ ይመስል ነበር። በ1923 ሥልጣን ላይ እንዳለ ሞተ። የሾማቸው ወዳጆቹ ጉቦ ሲበሉ እንደኖሩ እየተጋለጠ መጣ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስሙን ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ዝርዝር ግርጌ አካባቢ ያስቀምጡታል። በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክን ያዩ አውሮፓውያን ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ ፊታቸው ላይ ያለው የፈንጣጣ ጠባሳ ነው። የአንድ ሰከንዱ ፈተና ላይ ቢቀርቡ ያልፉ ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ደግሞ ስለ እሳቸው ከተወራው አንዱን እዚህ ልጣለው። ምኒልክ ሰው መግደያ የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው፣ አገሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረው ዙፋን አደረጉት የሚል ወሬ በውጭ አገር የወግ መጻሕፍት ሲገለበጥ ኖሯል። ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። ግን የሳቁ ዓላማ ምን እንደሆነ ልብ ይሏል፤ መሪውን ሞኝ ማድረግ፣ በመሪው በኩል አገሩን።

ቁመትን ቶሎ ልለፈው። ናፖሊዮን በዘመኑ ለፈረንሳዊ ከመካከለኛ አያንስም ነበር፤ ወደ 1 ሜትር ከ68 ገደማ። ድንክ ያደረጉት የእንግሊዝ ካርቱን ሠዓሊዎች ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በእርግጥም አጭር ነበሩ፤ ፎቶዎቻቸውን ለሐጂ ባነሳባቸው «ካባ ቁመት ይሰጣል» ብለው ዘጉት።

ልብስ ከአእምሮም አልፎ ሃይማኖትን ሲመሰክር ያየ ከተማ ቢኖር ሐረር ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ሲሻሩ እሳቸው ሐረር ነበሩ፤ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት። ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነው። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ያበዙት ወዳጅነት፣ የምሥራቁ ኑሯቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን ጥምጥም ጠምጥመው የተነሷቸው ፎቶግራፎች ወሬውን አራገቡት። ከፎቶዎቹ መካከል ተቀነባብረው የተሠሩ አሉ የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእኔ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው እንበል። ሐረር ላይ እንግዳ የጋበዙትን ሰዎች ልብስ ቢለብስ እንደ ፍቅር ሊታይ ይችላል፤ ያው ጨርቅ አዲስ አበባ ሲደርስ የክህደት ማስረጃ ይሆናል። ጥምጥሙ አልተለወጠም፤ ተመልካቹ ተለወጠ። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው መቀሳቸውን አቆሙ።

«ጨርቅ ሃይማኖት ቢኖረው ኖሮ እኔ በቀን ስንቱን ሳከፍረው እውል ነበር?»

ወደ ትውልድ እንለፍ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ይህን ተረት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ካሳ ኃይሉ ገና ሽፍታ ሳሉ ጠላቶቻቸው የሚጠሯቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ነበር፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ኮሶ ሸጠዋል ስለሚባል። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ መኳንንት ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ወጡ፤ ተማርከውም በካሳ ፊት ቀረቡ። ካሳም ኮሶ በብዛት አስጠጥተው ቀጧቸው ተብሎ ይተረካል። ኮሶ የጠጣ ሰው ቅጣቱ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ላልጠጣ ማስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ እኒሁ ሰው በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የዘር ሐረጋቸው ወደ ሰሎሞን ተሳበ። ኮሶው አልበቃም፤ ፈረሱም አጎት መሆን ነበረበት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሕግ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም፣ የንጉሡን ትውልድ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን እያስቆጠሩ በአንቀጽ አስፍረውታል። ከሐረር ብዙም በማትርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደ ልጅ፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባለው፣ አያት ቅድመ አያቱ በሕገ መንግሥት ሲጻፍለት፣ ስለ ትውልዱ በጨዋታ አስተያየት መስጠት ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

በዘመናችን ግን ተረቱ ተገልብጧል። ዛሬ በቅሎዋ ብትጠየቅ «አባቴ አህያ ነው፣ ጭነት ተሸክሞ ነው ያሳደገኝ» ብላ ድምፅ ትሰበስባለች። የብራዚሉ ሉላ ትምህርት በልጅነቱ አቋርጦ ጫማ ጠርጓል፣ የብረታ ብረት ሠራተኛ ሆኖ ማሽን የግራ እጁን ትንሽ ጣት ወስዶበታል፤ ያ የጎደለ ጣት ከብዙ ዲግሪ የበለጠ መስክሮለታል። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸር ከኦክስፎርድ በኬሚስትሪ የተመረቀች ስትሆን መድረክ ላይ ደጋግማ የምታነሳው ግን የባለ ሱቅ ልጅ መሆኗን ነበር። ለሁሉም ግን አይሠራም። እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርጅ ዊሃ እ.ኤ.አ. በ2005 ለላይቤሪያ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ያልተማረ ነው ተባለ፤ ሃርቫርድ በተማረችው በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። ከዚያ ተማረ፣ ተመልሶ ተወዳደረ፣ በ2018 ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ በ2023 ደግሞ ተሸነፈ። በመጀመሪያው አለመማሩ፣ በኋላ ደግሞ ሥራው ተመዘነ ማለት ይቻላል። እንዲህ በቅደም ተከተል የሚመዘን ሰው ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ አእምሮ። አንድ ቀን ድሬ ላይ በርጫ ተቀምጠን፣ ምርቃናው ሁላችንንም የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ባደረገበት ሰዓት፣ አንዱ ከስልኩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን አይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነጥብ) ዝርዝር አነበበልን። ቢል ክሊንተን 182፣ ትንሹ ጆርጅ ቡሽ 91። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዝርዝሩ ግን ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኢሜይል የተሠራጨ ቀልድ ነበር፤ «ላቨንስታይን ኢንስቲትዩት አጠናው» ይላል፣ እንደዚያ የሚባል የጥናት ተቋም ግን አልነበረም። የለንደኑ ጋርዲያን ጋዜጣ ሳይቀር እውነት መስሎት አትሞት በኋላ አርሟል። ይኸው ቀልድ ዛሬም ከስልክ ስልክ እየዞረ በድሬ በርጫ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

አይኪው ራሱ ምንድን ነው? መነሻው አልፍሬድ ቢኔና ቴዎፊል ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ ያዘጋጁት ፈተና ነው፤ ዓላማው ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። ዛሬ አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃል። 182 የሚባለው ቁጥር ፈተናው በአስተማማኝነት ሊለካው ከሚችለው በላይ ነው፤ የሐጂ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ «የእገሌ ወገብ አራት ሜትር ነው» እንደማለት። ደግሞ መሪዎች ቁጭ ብለው አይፈተኑም። ስለ ቀደሙት ፕሬዚዳንቶች የሚጠቀሱት ቁጥሮች ዲን ሳይመንተን የተባለው ተመራማሪ እንዳደረገው ከሕይወት ታሪካቸው ተነስተው የተሰሉ ግምቶች ናቸው።

በጅምላ የተፈተኑ መሪዎች ግን አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑረምበርግ ላይ ለፍርድ የቀረቡትን የናዚ ባለሥልጣናት ጉስታቭ ጊልበርት የተባለው የእስር ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈተናቸው። የገንዘብ ሰው የነበረው ሻህት 143 አገኘ፣ የአየር ኃይል አዛዡ ጎሪንግ 138፣ የጥላቻ ጋዜጣ አሳታሚው ሽትራይኸር 106። ጎሪንግ ውጤቱን ሲሰማ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ መፈንጠዙን ጊልበርት ጽፏል። በክፍሉ ውስጥ ከአማካይ በታች የሆነ ሰው አልነበረም። «መሪያችን ብልህ ይሁን እንጂ ሌላው ይስተካከላል» የሚል ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ቢነግረው ጥሩ ነው።

ስለ ፈተና ካነሳን አንድ የማልተወው አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የዶናልድ ትራምፕ ሐኪም ፕሬዚዳንቱ የሞንትሪያል የአእምሮ ምርመራ ተደርጎላቸው ከ30 ነጥብ 30 ማግኘታቸውን ተናገረ። ደጋፊዎቹ የሊቅነት ማረጋገጫ አደረጉት። ምርመራው የመርሳት ሕመም ምልክት መኖሩን የሚያጣራ ነው፤ ሰዓት ሳሉ ይላል፣ ቃላት አስታውሱ ይላል፣ የእንስሳትም ሥዕል ያሳያል። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ሦስተኛው ግመል ነው። ግመልን ለይቶ ማወቅ ሊቅ ካሰኘ የድሬዳዋ የቁም እንስሳት ገበያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን ሳቁን ገታ አድርጌ ልናገር፤ ተቃዋሚዎቹም እኩል ተሳስተዋል። «እንስሳ ለይቶ ተሞገሰ» እያሉ የሳቁበት ምርመራ የማሰብ ችሎታን ስለማይለካ ለሊቅነቱም ለሞኝነቱም ምስክር አይሆንም።

ከአእምሮ ጥናቶች ሁሉ የወደድሁት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን ነው። አሁንም አንቶናኪስና ሳይመንተን አሉበት። በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ካሉ ድርጅቶች 379 የሥራ መሪዎችን አይኪው ለኩና የሥራ ባልደረቦቻቸው ስለ አመራራቸው ምን እንደሚሉ ጠየቁ። ነጥቡ እስከ 120 አካባቢ ሲያድግ አድናቆቱም አብሮ ያድጋል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ይወርዳል። እጅግ ብልህ የሆነው መሪ የሚናገረው አይያዝለትም፤ ተከታዩ ደግሞ ያልገባውን ነገር ወይ ትዕቢት ወይ እብደት ብሎ ይተረጉመዋል። ሐሳቡ የሚገባን፣ ከእኛ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ሰው ሲናገር ግን «ይህማ ያስባል!» እንላለን። ያመሰገንነው ግማሹ የራሳችንን መረዳት ነው።

ለአማርኛ ሰሚ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ግን አነጋገር ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንላለን፤ ፈርደን ደግሞ አንመለስም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ባለሥልጣን «እሷ መጣ» ሲል፣ ወይም «ጠ» እና «ተ» ሲምታታበት፣ ሰሚው ፈገግ ይልና የተናገረውን ሐሳብ ከሰዋስዉ ጋር አብሮ ይጥለዋል። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ልጅ አስር ዓመት ሳይሞላው በአማርኛ ይጣላል፣ በኦሮምኛ ይታረቃል፣ በሶማሊኛ ይገበያያል፤ የሐረር ዘመድ ካለው ሐረሪም ይጨምራል። አማርኛው የተሰባበረበት ሰው ሌላ ሦስት ቋንቋ ያልተሰበረለት ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። አውቄም እፈርዳለሁ! ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ጾታ ሲያምታታ እጄ ወደ መቀየሪያው ይሄዳል።

ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም። ሺሪ ሌቭ አሪና ቦአዝ ኬይሳር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሰዎች አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይሰማሉ፤ ለምሳሌ «ቀጭኔ ከግመል ይልቅ ያለ ውኃ ረዥም ጊዜ ይቆያል» የሚል። (ግመል እንደገና። እኔ አላመጣሁትም።) ያው ዐረፍተ ነገር የውጭ ቅላጼ ባለው ሰው ሲነገር ሰሚዎቹ እውነትነቱን ዝቅ አድርገው መዘኑት፤ ተናጋሪው ከሌላ ሰው የተሰጠውን ብቻ እያነበበ መሆኑ ተነግሯቸው እንኳ። ማብራሪያቸው ቀላል ነው። ለማዳመጥ ድካም የሚጠይቅ ንግግር አእምሮን ያሰለቸዋል፤ አእምሮም ድካሙን በራሱ ላይ ከማሳበብ ይልቅ በነገሩ ላይ ያሳብባል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት አንድ ዓይነት የምረጡኝ ዐረፍተ ነገር በቀጭንና በወፍራም ድምፅ ሲሰማ ሰዎች ወፍራሙን መረጡ፤ ለወንዱም ለሴቷም። ታቸር አሠልጣኝ ይዛ ድምፅዋን ያወረደችው ይህ ጥናት ከመውጣቱ ከሠላሳ ዓመታት በፊት ነው።

በዚህ ዓይን ሳየው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገው የጄኔቫ ንግግር ሌላ መልክ ይይዛል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛን በልጅነታቸው ሐረር ላይ ከአባ ሳሙኤል ተምረዋል፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ደግሞ የፈረንሳይኛ ቤት ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሹ፣ ከአዳራሽ ተባረሩ፣ ንጉሡ ቀጠሉ። ለምን አማርኛን እንደመረጡ የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። ውጤቱ ግን ይታየኛል፤ አዳራሹ ውስጥ ከራሳቸው ልዑካን በቀር በቅላጼያቸው ሊፈርድ የሚችል ሰው አልነበረም። ለተመልካቹ የቀረለት የማይነቃነቅ ፊትና ካባ ነበር፤ ሐሳቡ በአስተርጓሚ በኩል ለብቻው ደረሰ።

ሱሪዬን ለመውሰድ በሳምንቱ ተመልሼ ወጣሁ። ሐጂ አንድ ወፍራም ሰውዬ እየለኩ ነበር። ሰውየው ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲዞር ትንፋሹን ሰብስቦ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ሐጂ ምንም አላሉም፤ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፉ። ሰውየው ሲወጣ አጠፉትና አምስት ሳንቲ ሜትር ጨምረው እንደገና ጻፉት።

«ሁሉም ሲለካ ሆዱን ይስባል» አሉኝ። «ተናገር አትበለው፤ ሲተነፍስ ጠብቀው።»

«በቴሌቪዥኑ ላሉትስ ስንት ይጨምራሉ?»

ወደ መደርደሪያው ቀና ብለው አዩ። አንድ ሰው ከጥቁር መኪና እየወረደ ኮቱን ይቆልፋል። «ለእነሱማ ጨርቅ አይበቃም።»

ሱሪዬን ከመጋረጃው ጀርባ ለበስሁት። የግራው እግር ከቀኙ ወደ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ወጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያ ዞር ብለው ክር ማስገባት ጀመሩ።

«ሱሪው ልክ ነው» አሉ። «አንተ ነህ ያዘነበልኸው።»